ሳያዩ ስለ መጻፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው ያላየውን እንዳየ አድርጎ ቢጽፍ፥ የጻፈውም ቁጥር ለእውነት የቀረበ ቢሆን፥ ዋሽቷልን?

በ2002 ዓ.ም. በእኛ በበለስ ተፋሰስ፥ የጣናን ውሃ በዋሻ የሚቀበለው 460 ሜጋዋት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ በምዕራብ ካናዳ፥ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ገመድ በባሕር ወለል ላይ ተዘርግቶ ኔፕቱን የተባለው የባሕር መመልከቻ ሥራ ጀመረ። መርከብ መሣሪያ አጥልቃ ብትመለስ ያየችው የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ ገመዱ ግን ከየብስ ኃይል ወስዶ፥ የባሕሩን ወሬ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ያመጣል። ጃፓንም በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ሱናሚ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀባት በኋላ፥ በምሥራቅ ባሕርዋ ወለል 150 መመልከቻዎችን በገመድ አያይዛ ዘረጋች። በላያቸው ያለው የውሃ ክብደት ሲለወጥ፥ ማዕበሉ ዳር ሳይደርስ ይናገራሉ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ አንድ ዘንግ ነው። በወጣትነቴ በማስተምርበት ገጠር፥ ወንዝ ዳር የተተከለውን የውሃ ከፍታ መለኪያ ጧትና ማታ እያነበብሁ በመዝገብ እጽፍ ነበር። አንድ ክረምት ወባ ሦስት ቀን ጣለኝ። ስነሣ ባዶውን ቦታ ለማየት አፈርሁና (ያሳደጉኝ የሚሲዮን መምህራን ደብተር ባዶ መተውን እንደ ስንፍና ይቈጥሩት ነበር) የፊተኛውንና የኋለኛውን አይቼ መካከሉን ሞላሁት። በሳምንቱ ወደ ወንዙ ብወርድ፥ ጎርፍ ያመጣው ገለባ ከራሴ በላይ በቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ወንዙ የሞላው እኔ በተኛሁባቸው ሌሊቶች ነበር።

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አስቀድሞ የሚጠይቀው የወንዙን ታላቅ ሙላት ነው። ባዶ መስመር ቢያገኝ፥ «እዚህ ምን ሆነ?» ብሎ የአገሩን ሽማግሌ ይጠይቅ ነበር፤ የእኔ ቁጥር ግን እንዳይጠይቅ አደረገው። ወንዙ ባይሞላ ኖሮስ? ያም ቢሆን ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ውሃው ብቻ አይደለም፤ «ቆሜ አይቻለሁ» ይላል፤ እኔም አልቆምሁም።

መሣሪያ ወባ አይዘውም፥ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ዳሩ ግን በባሕር ውስጥ አተላና ቀንድ አውጣ ይለጠፍበታል፤ ልኩም ቀስ በቀስ ይዛነፋል። ስለዚህ ልኩን ከሌላ ልክ ጋር አስተያይቶ፥ «ይህ አይታመንም» ብሎ ምልክት የሚያደርግ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ሲቸኩል የሚያየው የለም።

መዝገቡን ሊሰበስብ ለመጣው ሰው ነገሩን አልነገርሁትም። ቁጥሮቹም ከሌሎቹ ጋር ተደባልቀው ሄዱ።