የአንድ ቀን መንገድና የእግዚአብሔር ፈቃድ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ አልዓዛር ወደ ይሁዳ ለመመለስ በተነሣ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ አደጋውን ፈርተው ሊያስቀሩት ሞከሩ። እርሱም የቀን ሰዓቶች አሥራ ሁለት መሆናቸውን አስታወሳቸው (ዮሐ. 11፥9)። ይህ ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እኛም እንደ ወንጌሉ ሰዓትን የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነውና። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ብርሃን ይሰጠናል፤ ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይወሰድብናል። እንግዲህ ልክ ተበጅቶለት በተሰጠን በዚህ ብርሃን ምን እናድርግበት? አስቀድሞ ማቀድ በእግዚአብሔር ላይ ያለንን መታመን ይቀንሳልን? ወይስ አለማቀድ ራሱ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው?

ጥያቄው የተነሣው በብስክሌት ጉዞ ምክንያት ነው። ወጣቶቻችን ከወለቃ ተነሥተው፣ የወገራን ደጋ አቋርጠው፣ በአንድ ቀን የሰሜን ተራሮችን አስታ ለማየት እንድንመራቸው ጠየቁን። አሳቡን የሰሙ አንዲት የቁምስናችን እናት፦ «ልጆቼ፣ የነገን ማን ያውቃል? እግዚአብሔር ያለው ይሆናል» አሉ። ከወጣቶቹም አንዱ፦ «እንነሣና እንሂድ፤ መንገዱ ራሱ ያደርሰናል» አለ። የእናታችን ንግግር እምነት፣ የወጣቱም ንግግር ድፍረት ይመስል ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ይኸውም ቁጭ ብሎ ማሰላሰል አያስፈልግም በማለት ነው።

እኛ ግን ቁጭ ብለን አሰላሰልን። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቈጥር አስተምሮናልና (ሉቃ. 14፥28)። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አላቸው። በመካከላቸው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ እርሱም ወለቃን፣ ኮሶዬን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያለፈ የሚሄድ ነው። በኪራይ ብስክሌት ዳገትና ሜዳውን አማክሎ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ወጣት ደባርቅ ለመድረስ ያለ ዕረፍት ከስምንት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አስታው ያለው ግን ከዚያ በላይ ነው። በደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብና ጠባቂ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ሳንቃ በርም ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። በዚያ አስታና አምጃ ቁጥቋጦውን ይሞሉታል፤ ከፍ ሲልም ጓሳና ጅብራ ይታያሉ፤ ሌሊቱም ውርጭ ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ የጠየቁት ጉዞ የአንድ ቀን ብርሃን አይበቃውም። በአንድ ቀን የሚቻለው ከወለቃ እስከ ኮሶዬ ደርሶ መመለስ ነው፤ ይህም ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ባሕር ዛፉን፣ ጽዱንና ወይራውን እያዩ ወጥቶ፣ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ቆላውን መመልከት የሰው ልጅ አቅም የሚፈቅደው ደስታ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ከእምነት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር፣ ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ይመልስለታል። እርሱ ማስተዋል የተባለውን ምግባር ሲተነትን ከክፍሎቹ ዋነኛው አርቆ ማየት መሆኑን ያስተምራል፤ ከሌሎች ምክር መቀበልን፣ ዙሪያን መቃኘትንና ጥንቃቄንም ከእርሱ ጋር ይቈጥራል። ስለ ነገ መጨነቅ ተገቢ ነውን ብሎ ሲጠይቅም፣ ለእያንዳንዱ ጊዜ የራሱ የሆነ አሳብ እንዳለው፣ የመከር አሳብም ለመከር ጊዜ እንደሚገባ ይገልጻል። ጌታችን የከለከለው የነገን ሸክም ዛሬ መሸከምን ነው (ማቴ. 6፥34)። የብስክሌትን ፍሬን መመርመር ግን የዛሬ ሥራ ነው፤ ዛሬ ያልተመረመረ ፍሬን ነገ በቁልቁለት ላይ አይመረመርምና።

ሐዋርያው ያዕቆብም ወደ እገሌ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን የሚሉትን ነጋዴዎች ይገሥጻል (ያዕ. 4፥13-15)። ልብ ብለን ብናነብ ግን የተገሠጸው ትዕቢታቸው ነው። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለት ዕቅድን አይሽርም፤ ለዕቅዱ ጌታ ይሾምለታል እንጂ። አለማቀድማ ሥራችንን ለእግዚአብሔር አሸክሞ በኋላ ስንፍናችንን በስሙ መጥራት ይሆናል።

በዚህ ረገድ እኛው ራሳችን በድለናልና ሳንሸሽግ እንናገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወጣቶችን ይዘን በዚሁ መንገድ ወጥተን ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንመለሳለን ብለን ወስነን ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ግን አየሩ መልካም፣ የፊተኞቹም ብርቱዎች ስለ ነበሩ «ጥቂት እንጨምር» አልን። የጨመርነው ለብርቱዎቹ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን የመጨረሻው ልጅ ነው። ብስክሌቱ አሮጌ፣ ጕልበቱም ደካማ ስለ ነበረ ቁልቁለቱ ላይ ጨለማ ደረሰበት፤ ወድቆም ክንዱ ተሰበረ። ወደ ቤቱ አድርሰነው እናቱን ልናጽናና፦ «እግዚአብሔር የፈቀደው ነው» ስንል፣ እርሳቸው፦ «እግዚአብሔርማ ፀሐይዋን እንደ ወትሮው በሰዓቷ አጠለቃት፤ የዘገያችሁት እናንተ ናችሁ» አሉን። ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ቃል አስተማረን። ከዚያ ወዲህ የአንድ ጉዞ መለኪያ ከኋላ የሚመጣው ልጅ እንደ ሆነ አምነናል። የመመለሻ ሰዓትም ለደካማው የተገባ ቃል ኪዳን ነውና ብርቱዎች ሊያፈርሱት ሥልጣን የላቸውም።

ነገር ግን ዕቅድ ራሱ ጣዖት ሊሆን ይችላል። ወደ ኢያሪኮ ይወርዱ የነበሩት ካህንና ሌዋዊ የቈሰለውን ሰው አይተው ማለፋቸውን ወንጌል ይነግረናል (ሉቃ. 10፥30-35)። ሳምራዊውም መንገደኛ ነበረ፤ ሥራም ነበረው። ሆኖም ቆመ፤ ዘይትና ወይን ነበረውና ቍስሉን አጠበ፤ ገንዘብም ነበረውና ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ከፈለ፤ ሲመለስም የቀረውን ሊከፍል ተስፋ ሰጠ። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ ቢራራ እንኳ በምን ይረዳል? ጊዜውን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የሞላውስ መቼ ይቆማል? እንግዲህ በዕቅዳችን ውስጥ የምንተወው ባዶ ሰዓት ባልንጀራችን የሚገባበት በር ነው። በኮሶዬው ጉዞ ለመውጣት አራት፣ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ብንመድብ ከአሥራ ሁለቱ አምስት ይተርፉናል። እነዚህ ለጎማ መፈንዳት፣ ለጸሎት፣ ለምሳ፣ በመንገድ ለምናገኘውም ሰው የተተዉ ናቸው።

ዕቅዳቸው በሰው ዓይን ሳይፈጸም የቀረ ቅዱሳንም አሉን። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በጎንደር የተማረ፣ እውነትን ፍለጋ እስከ ግብፅ፣ እስከ ሮምና እስከ ኢየሩሳሌም የተጓዘ መነኩሴ ነበር። የመጨረሻውን መንገዱን ግን አላቀደውም፤ በሰንሰለት ታስሮ የንጉሡን ሠራዊት እየተከተለ እ.ኤ.አ. በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፈ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንለው፣ በጎንደር ከታሰረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1860 ከምፅዋ ጠረፍ ወደ ሐላይ ደጋ ሲወጣ በሽታ በመንገድ ጣለው። ሁለቱም ያሰቡበት ሳይደርሱ ቀሩ፤ ሆኖም ማንም ጉዟቸው ከንቱ ነበረ አይልም። ሰው ያቅዳል፤ ፍጻሜው በእግዚአብሔር እጅ ነው።

የወለቃም መንገድ ራሱ ይህንን ይመሰክራል። በዚህች መንደር ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች የነበሩ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት ከጎንደር አውራጃዎች ብዙዎች በሌሊት ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ሄደዋል፤ በጉዞውና በመጠለያ ካምፖቹ ብዙዎች ሞተዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 በላይ የሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። እነርሱ ስለ ደስታ የመንገድ ዕቅድ ለማውጣት ነጻነት አልነበራቸውም። ስለዚህ ወጣቶቻችን በብርሃን፣ በፈቃዳቸው፣ ለመደሰት የሚሄዱበትን መንገድ በወረቀት ላይ ሲያሰፍሩ የያዙት ቀላል ነገር አለመሆኑን እንንገራቸው።

ዛሬም ቢሆን ይህ ነጻነት ሙሉ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ እናትም ልጇን ወደ ገበያ ለመላክ የምትፈራበት ቀን አለ። ከዚህም የተነሣ የዕቅዳችን የመጀመሪያ ጥያቄ «መንገዱ ሰላም ነውን?» የሚል ሆኗል፤ በዚህ ላይ እርግጠኞች ሳንሆን የሰው ልጅ ይዘን አንወጣም። የመነሻው ሰዓት ጠዋት አሥራ ሁለት፣ የመመለሻው ሰዓት ከቀኑ ስምንት፣ ከሁሉ ኋላ የሚሄደው መምህር፣ የሚያዘው ውኃና የጎማ መጠገኛ፣ በአስታው አካባቢ እሳት አለማንደድም ጭምር (በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮችን ያቃጠለውን እሳት አንረሳውምና) ሁሉም ተጽፏል። የቀኑ ስፍራ ብቻ ባዶ ነው።

ያቺ እናታችን ወረቀቱን ስናነብላቸው ባዶውን ስፍራ በጣታቸው ነክተው፦ «ይህችን ለእርሱ ተዉለት» አሉን። እኛም ተስማማን፤ የእኛ ድርሻ የሆነውን ግን ጽፈን ጨርሰናል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ከልጆቻችሁ ጋር ትንሽ ጉዞም ቢሆን ስታስቡ እንዲሁ አድርጉ። የሚሰላውን አስሉ፤ ለደካማው ልጅ ቃል ግቡ፤ ለባልንጀራ ሰዓት ተዉ። ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ብትሉ ቃሉ በአፋችሁ እውነተኛ ይሆናል። ሰላምን ለመንገዶቻችን ይስጥልን።