የቴምብሩ ጢስ

ኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ1900 የሞሞቶምቦን እሳተ ገሞራ ከነጢሱ በቴምብር ላይ ስታሳትም ግርማዋን ለዓለም ማሳየቷ ነበር። በ1902 ግን፣ ሁለቱን ውቅያኖሶች የሚያገናኘው ቦይ በኒካራጓ ወይስ በፓናማ ይቆፈር በሚል የአሜሪካ ሴኔት ሲከራከር፣ ከፓናማው ወገን ጥቅም የነበረው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፊሊፕ ቡኖ-ቫሪያ ቴምብሩን እየገዛ ለሴናተሮቹ አደለ። በማርቲኒክ የፔሌ ተራራ ፈንድቶ ወደ 28 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ካለቀ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበር። ሴኔቱ 42 ለ34 በሆነ ድምፅ ፓናማን መረጠ፤ የመረጠው በቴምብሩ ብቻ ነው ማለት ግን ያስቸግራል።

ለመሆኑ ሰውየው ዋሸ ይባላልን? ተራራው አለ፤ እሳት ይተፋል፤ ሥዕሉንም ያሳተመችው ባለቤቲቱ አገር ናት። ይሁንና ሞሞቶምቦ ከታሰበው የቦይ መስመር ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለመስመሩ የሚቀርበው በኒካራጓ ሐይቅ ውስጥ ያለው ኮንሴፕሲዮን ነው፤ ቴምብሩ ስለ እርሱ አይናገርም። የተመረጠው ሥጋት ለዓይን የቀለለው ነበር፤ አንዲት አገርም በገዛ ኩራቷ ተመሰከረባት። ሴናተሮቹም ቢሆኑ ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ ርቀቱን የሚያሳይ ካርታ አልተሰወረባቸውም።

ሞሞቶምቦ በ1905 በእርግጥ ፈነዳ። ይህም ለመሐንዲሱ ማስተባበያ አይሆነውም፤ ተራራው የፈነዳው እዚያው በሩቁ ቆሞ ነው።