ስሙን ተወውና አንብብልኝ

«ምን እያነበብክ ነው?» ብሎ መጠየቅ በመጽሐፍ ወዳጆች ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ የመጽሐፉ ርእስ፣ የደራሲው ስም፣ «እንዴት ነው?» ሲባል ደግሞ «በጣም አሪፍ ነው» የምትል ቃል። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ያልፋል። ይህች «በጣም አሪፍ ነው» ግን ትከነክነኛለች። አንድ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ፣ ድምፁን ሳያሰማ፣ ሌሊቱን አጋምሶ ያጣጣመውን ነገር በሦስት ቃል ሲነግረኝ ምን ሰጠኝ? ደስታውን አካፈለኝ ወይስ ደስ እንዳለው ብቻ ነገረኝ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንጀራ ያካፈለኝ ሰው ርሃቤን ያስታግስልኛል፤ መብላቱን ያወራልኝ ግን ርሃቤን ያባብሰዋል እንጂ አያስታግስልኝም።

የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው፣ ስለ ውበት ፍርድ በሚመረምረው መጽሐፉ ይህን ቋጠሮ አጥብቆ ይዞታል። አንድ ሰው «ይህ ወይን ይጥመኛል» ቢል ስለ ራሱ ምላስ መናገሩ ነው፤ ሌላው ባይጥመው ግድ የለውም። «ይህ ውብ ነው» ካለ ግን ሌላውም ሰው ሁሉ እንዲስማማለት ይጠብቃል። ችግሩ ይህን ስምምነት በማስረጃ ማግኘት አለመቻሉ ነው። መቶ ሰው ተሰልፎ «ድንቅ ነው» ቢለኝ፣ ራሴ አይቼ እስካልፈረድኩ ድረስ ውበቱ የእኔ አይሆንም። ስለዚህ መጽሐፍ የወደደ ሰው አስቸጋሪ ቦታ ላይ ነው፤ ማንንም ሊያስገድድበት የማይችለውን ነገር ከሁሉም ሰው ይፈልጋል።

ካንት እዚህ ላይ ልክ ነው እላለሁ። ሆኖም ቋጠሮውን ካሳየን በኋላ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ የወደደው ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ማስረጃ ማቅረብ ካልቻለ፣ ምስክርነቱም ካልበቃ፣ ያለው አንድ መንገድ ነው። ነገሩን ራሱን አምጥቶ በሌላው ሰው ፊት ማቆም። በመጽሐፍ ረገድ ይህ ማለት ርእሱን ትቶ ጽሑፉን ማሰማት ነው። የመጽሐፍ ደስታ የሚካፈለው ስሙን በመጥቀስ ሳይሆን ሲነበብና ሲተረክ ነው የሚል እምነት አለኝ፤ እምነቱም ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ ያየሁበት አገር አለ፤ አርሲ።

አርሲ ሲነሣ ለሰው ቶሎ የሚታወሰው ስንዴና ሩጫ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማ በኩል ወደ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው ኢተያን ካለፈ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴና ገብስ ሆኖ ይቆየዋል። የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በዚሁ መንገድ ላይ ነው። አሰላ ከጭላሎ ተራራ ሥር፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተዘርግታለች፤ የብቅል ፋብሪካዋ ስሟን በየቢራው ጠርሙስ ውስጥ ይዞ አገር ያዞራል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚህ አካባቢ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ከበቆጂ ወጥተዋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ እዚያ ያለው ሰው ምን እንደሚያነብ ግን ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁም። ክረምት ሲገባ ጭላሎ በጉም ተውጦ ይሰነብታል፤ ብርዱ ሰውን ከደጅ አስገብቶ ቤት ያስቀምጠዋል። ለንባብ ከዚህ የተሻለ አገር የለም።

ደግሞም አሰላ ውስጥ «ምን እያነበብክ ነው?» የሚለው ጥያቄ በሁለት ቋንቋ የሚጠየቅ፣ በሁለት ፊደል የሚመለስ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲያስተምር አፋን ኦሮሞም የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተው ቁቤ ገባ። በዚህም ምክንያት በአንድ ቤት ውስጥ አባትና ልጅ አንድ ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ እንደልቡ ማንበብ የማይችልበት ሁኔታ ተፈጠረ። አባት አማርኛውን በፍጥነት ይወርደዋል፤ ቁቤ ላይ ግን እየተደናቀፈ ነው። ልጅ ቁቤውን ያንበለብለዋል፤ የአማርኛ ልብ ወለድ ግን ሃያ ገጽ ሳይሞላ ያደክመዋል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የመጽሐፍ ስም መለዋወጥ ፋይዳው ምንድን ነው?

አሰላ ውስጥ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። መጽሐፎቻቸው በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ወረቀት የተለበጡ ናቸው፤ የውስጠኛው ሽፋን ላይ የተዋሱ ሰዎች ስምና ቀን በተለያየ ቀለም ተጽፎ ቁልቁል ይወርዳል። የመለሰ ሰው ስሙ ይሰረዛል። አንድ የነሐሴ ምሽት ቤታቸው ገብቼ ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ፣

«ምን ይዘሃል?» አሉኝ።

የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» መያዜን ነገርኳቸው። ስለ መጽሐፉ ላብራራ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «ስሙን ተወውና አንብብልኝ» አሉ።

አንድ ገጽ ተኩል ያህል አነበብኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። መሐል ላይ «ቆይ፣ እሷን ድገማት» አሉ፤ ደገምኩ። ስጨርስ ትንሽ ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው ያያል። ዓይን አለው። ግን አይቸኩልም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የሚቸኩል መጽሐፍ ነው የምፈልገው» አሉኝ። አልጣማቸውም። እኔ ግን ያን ምሽት ከማንም ጋር አግኝቼው የማላውቀውን መግባባት አገኘሁ። «አሪፍ ነው» ብያቸው ቢሆን ኖሮ «እሺ፣ ሳነበው እነግርሃለሁ» ብለው ይቀር ነበር። ዓረፍተ ነገሩ መሐላችን ስለተቀመጠ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር አየን፤ የተለያየነው ካየነው በኋላ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የምትማር የልጅ ልጅ አለቻቸው። እሷ በተራዋ የዳባ ወየሳን «ጎዳኒሳ» ይዛ መጣችና ለአያቷ በአፋን ኦሮሞ ማንበብ ጀመረች። ቋንቋው የእናታቸው ቋንቋ ነው፤ መጽሐፉ ግን በቁቤ ስለተጻፈ ብቻቸውን ቢሆኑ አይገፉትም። ልጅቷ ስታነብ እሳቸው አንዳንድ ቃል ላይ ያስቆሟትና አርሲ ውስጥ እንዴት እንደሚባል ይነግሯታል። እሷ የማታውቀውን ቃል እሳቸው ያውቃሉ፤ እሳቸው የማያነቡትን ፊደል እሷ ታነባለች። መጽሐፉ በዚያች ሰዓት የሁለቱም ነበር።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም ብቸኛውና ዝምተኛው ንባብ ነው እንግዳው። ቅዱስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው ውስጥ ሚላኖ ከተማ ጳጳሱ አምብሮስዮስ ድምፁን ሳያሰማ በዓይኑ ብቻ ሲያነብ ማየቱን እንደ ትዝብት ጽፎታል። በእኛም አገር የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ዳዊት የሚደግመው በድምፅ ነው፤ አርሲ ውስጥ በየመስጊዱ ቁርዓን የሚቀራ ልጅም እንዲሁ። የኔታም ሆኑ ሼሁ ልጁ ማንበቡን የሚያውቁት በጆሯቸው ነው።

በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ሬዲዮ ይህንኑ አሮጌ ልማድ በአየር ላይ አወጣው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ተረከው። ታሪኩ የጎጃም ነው፤ ዲማ፣ ፊታውራሪ መሸሻ፣ ሰብለ ወንጌል፣ በዛብህ፣ ጉዱ ካሳ። ለአርሲ ገበሬ ግን ፊታውራሪ መሸሻን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ አካባቢውን በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ሲለውጠው፣ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ከመሬቱ አፈናቅለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጭሰኛ ሆኖ የኖረ ሰው በሬዲዮ የሰማው የባላባት ትዕቢት የሩቅ አገር ተረት አይሆንበትም። መጽሐፉን በእጁ ነክቶት የማያውቅ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለ ጉዱ ካሳ የሚከራከረው ስለዚህ ነው። ያ ሰው መጽሐፉን አላነበበም ለማለት አልደፍርም።

ትረካ ዋጋ እንደሚያስከፍል አውቃለሁ። ወጋየሁን የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ቢገልጥ ጉዱ ካሳ የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ብቻችንን ብናነብ እያንዳንዳችን የምንፈጥረው ሌላ ጉዱ ካሳ ነበረን፤ እሱን አጥተናል። ሁሉም መጽሐፍ ለጆሮ አይሆንም የሚልም አለ፤ እውነት ነው፤ አንዳንዱ ገጽ ብቻን ሆነው ሦስቴ ካልተመለሱበት አይከፈትም። ቢሆንም ለብቻ የሚነበበው ለብቻ ይነበብ፤ የወደዱትን ለማካፈል የተነሡ ጊዜ ግን ኪሳራውን ተቀብሎ ድምፅ ማሰማት ይሻላል።

ለዚህ ከገጣሚው ነቢይ መኰንን የበለጠ ምስክር አላውቅም። በደርግ ዘመን እስር ቤት ውስጥ ሳለ የማርጋሬት ሚቸል ረጅም ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ እጁ ገባ። እንግሊዝኛ ያውቅ ነበር፤ አንብቦ መደሰት ለራሱ ይበቃው ነበር። እሱ ግን የሲጋራ ፓኮ ውስጠኛ ወረቀት እየሰበሰበ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር፤ ወደ 3,000 የሚጠጋ ብጣሽ ወረቀት ሆነ። የተፈቱ እስረኞች እየደበቁ አወጡለት፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነገ መኖሩን እንኳ እርግጠኛ ሊሆን በማይችልበት ቦታ ያለ ሰው ይህን ሁሉ የሚደክመው ለምንድን ነው? ለእኔ የሚታየኝ መልስ ካንት ያየው ያ ፍላጎት ነው፤ የወደዱትን ነገር ሌላው ሰው በራሱ ዓይን እንዲያየው መፈለግ። ነቢይ ለአማርኛ አንባቢ «ግሩም መጽሐፍ አለ» ብሎ ቢተወው ማንም አይወቅሰውም ነበር።

መጽሐፍ ማካፈል ራሱ አደጋ የነበረበትም ጊዜ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ ሲቀር፣ የተረፉት ቅጂዎች ከእጅ ወደ እጅ በምስጢር ዞሩ። መጽሐፉን ያዋሰ ሰው ተዋሹን በመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን በራሱ ደኅንነትም አምኖታል።

ዛሬ አደጋው ያ አይደለም። ዛሬ ንባባችንን የሚያቀዘቅዘው ይሉኝታ ነው። መጽሐፍ ያዋሰን ሰው «እንዴት አገኘኸው?» ሲለን፣ አሥረኛው ገጽ ላይ ጥለነው እንኳ «ግሩም ነው!» እንላለን። ጨዋነት ይመስላል፤ ሰውየውን ግን ከነደስታው ብቻውን ጥለነው መሄዳችን ነው። ከእኛ የፈለገው ምስጋና ሳይሆን ጓደኛ ነበር። አንድ መጽሐፍ የአገር ወሬ ሲሆንም እንዲሁ ነው። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ መነጋገሪያ በሆነ ጊዜ ከልባቸው የወደዱት፣ በእሱም የንባብን በር የከፈቱ ወጣቶች አውቃለሁ፤ ሌላው ሰው ስለወደደ ብቻ የወደዱም አውቃለሁ። የሁለተኞቹ ደስታ የተውሶ ነው፤ ወሬው ሲበርድ አብሮ በረደ። መምህሩ «አልጣመኝም» ሲሉኝ ያከበሩኝ የመሰለኝ ለዚህ ነው። ራሳቸው ፈርደው የነገሩኝ ነውና።

እናም አሰላም ሆናችሁ በቆጂ፣ ሳጉሬም ሆናችሁ አዲስ አበባ፣ መጽሐፍ ለምትወዱ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። የመጽሐፍ ዋጋ ከብዙ ሰው አቅም በላይ ሆኗል፤ ፊደላችንም አንድ አይደለም፤ ቤታችሁ ውስጥ እናንተ የምታነቡትን ማንበብ የማይችል አባት፣ እናት ወይም አያት ሊኖር ይችላል። «ምን እያነበብክ ነው?» ሲሏችሁ ስሙን ነግራችሁ አትለፉ። ከወደዳችሁት ቦታ አንድ ገጽ አንብቡላቸው፤ ቋንቋው ካልሆነላቸው በቋንቋቸው ተርኩላቸው። ካልጣማቸውም «አልጣመንም» ይበሏችሁ።