ስለ መለኪያና ስለ ባልንጀራ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ የምጽፍልህ በጎዳና ወድቆ ስለሚያድረው ሰካራም አይደለም። እርሱን ብታየው ታዝንለታለህ እንጂ ራስህን በእርሱ አታይም። የምጽፍልህ ስላልሰከረው ሰው ነው፤ ቤቱ የተሟላ፥ ንግግሩ የታረመ ሆኖ ሳለ በቅዳሜ ማታ ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ይህኛው ከዚያኛው ይሻላል እያለ መጠጥን በምላሱ ስለሚመረምረው ሰው። እኔም እንደዚያ ነበርሁና።

በኮልፌ ከአጠና ተራ ብዙ ሳይርቅ በአንድ ወዳጃችን ቤት አራት ሆነን እንሰበሰብ ነበር። ስብሰባው የጠጪዎች ማኅበር ሳይሆን የተማሪዎች ጉባኤ ይመስል ነበር። ጠጁን በብርሌ ቀድተን ደረቁን ከለስላሳው እየለየን፥ ጌሾው በዝቶአል ወይስ አንሶአል፥ ማሩስ ከወዴት አገር የመጣ ነው እያልን እንከራከር ነበር። አንዱ ከደብረ ብርሃን በኩል የመጣ አረቄ ይዞ ይመጣል፤ ዘመዱ ከውጭ አገር የተመለሰለት ደግሞ የ12 ወይም የ18 ዓመት ውስኪ ያመጣል። በኋላም ጥቁሩና ብርቱው ቢራ ተጨመረ።

የምናውቀውም ጥቂት አልነበረም። ድፍድፉ በእሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ በቧንቧ ወጥቶ በቀዘቀዘው ዕቃ ሲጠራቀም ተራ አረቄ ይሆናል፤ እርሱ እንደገና ሲወጣ ዳግም ይባላል። በተራው አረቄ ከመቶው 34 ያህል፥ በዳግሙም 46 ያህል አልኮል እንደሚገኝ የመረመሩት ሰዎች ጽፈዋል። የስኮትላንድ ውስኪ በሕግ ከ3 ዓመት ያላነሰ በበርሜል መቀመጥ አለበት፤ አልኮሉም ከመቶው ከ40 ማነስ የለበትም። በበርሜሉም ሳለ በየዓመቱ ከመቶው 2 ያህሉ ተንኖ ይጠፋል፤ ጠማቂዎቹም ይህን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ይህን በሰማን ጊዜ ብዙ ሳቅን። መላእክት ያን ያህል ከወሰዱ የቀረውን የሚወስደው ማን እንደ ሆነ ግን ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

እውነቱን ልናገር፤ ደስታው ሐሰት አልነበረም። ንብ ከአበባ የሰበሰበችው፥ እናቶቻችንም በጥበብ የጣሉት ነገር መልካም መዓዛ አለው። ጌታችንም በቃና ውኃውን የወይን ጠጅ ባደረገ ጊዜ የሰርጉ አሳዳሪ ቀምሶ ኋለኛው ከፊተኛው እንደሚበልጥ መሰከረ (ዮሐንስ 2)። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መክሮታል። ስለዚህ መጠጡ በራሱ ርኩስ ነው እያሉ የሚያስተምሩ ወንድሞቻችን እነዚህን ገጾች ዘልለው ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል፤ እኔ መዝለልን አልወድድም። ነገር ግን ነቢዩ ኢሳይያስ በ5ኛው ምዕራፍ ወዮታውን ያወረደው በወደቁት ሰካራሞች ላይ ብቻ አይደለም፤ በመጠጣት ኃያላን፥ መጠጥንም በማደባለቅ ብልሆች በሆኑት ላይም ነው። ይህን ክፍል ባነበብሁ ቁጥር የዚያ ቤት ጠረጴዛ በዓይኔ ፊት ይቆማል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በሠፈራችን በአናጢነት የሚኖር በዕድሜ ከእኛ የሚያንስ አንድ ወንድም ነበረ። ቀድሞ አረቄ ይዞት ነበር፤ ጌታን ካመነ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አልቀመሰም። እኔ በዚያን ጊዜ ገና ሰባኪ አልነበርሁም፤ አማኝ ግን ነበርሁ፥ እሑድም በጉባኤ ፊት መጽሐፍ አነብብ ነበር። ከሥራው ሲመለስ ጠርተን አስቀመጥነው። በእጁ ምልክት አድርጎ እምቢ አለ። ያን ጊዜ እኔ፥ ሌላ ሰው አይደለም እኔ ራሴ፥ «ቅመስ እንጂ ጠጣ አላልንህም፤ በሞቴ!» አልሁት። በአገራችን በሞቴ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ታላቁን ማሳፈር ነውር ነውና ተቀብሎ ቀመሰ። ስለ መዓዛውም ከሁላችን ይልቅ በትክክል ተናገረ፤ እኛም አመሰገንነው።

በዚያች ሌሊት እኛ አራታችን ወደየቤታችን ሄድን፤ እርሱ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። በየቅዳሜውም እንዲሁ ሆነ። ለእኛ ማነጻጸሪያ የነበረው ለእርሱ መጀመሪያ ነበር። ጥቂት ወራት ሳያልፉ መጋዙና መላጊያው ተሸጡ። ሚስቱ ወደ ደጄ መጥታ ሳትቀመጥ፥ «ጋሼ፥ እናንተ ዘንድ ሲመጣ ጸሎት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። የምመልስላት ቃል አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

ወዳጄ ሆይ፥ በእጅህ ያለችውን ትንሽ ብርጭቆ መለኪያ ይሉአታል። የምትለካው ግን አረቄውን ብቻ ነው፤ በአጠገብህ የተቀመጠው ሰው ምን ያህል እንደሚችል አትለካልህም። ከአምስት ሰዎች መካከል ማቆም የማይችለው የትኛው እንደ ሆነ በፊቱ ላይ አልተጻፈም፤ ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱም አያውቀውም። ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በ14ኛው ምዕራፍ፥ ለቆሮንቶስ ሰዎችም በፊተኛው መልእክት በ8ኛው ምዕራፍ የጻፈው ስለዚህ ነው፤ የበረታው ሰው መብት አለው፥ መብቱ ግን ክርስቶስ የሞተለትን ደካማ ወንድም የሚጥልበት ከሆነ ይተወዋል። ሐዋርያው ዕውቀትን አልናቀም፤ እኛም ስለ ጠጅና ስለ ውስኪ ብዙ ዕውቀት ነበረን፥ ስለ አናጢው ግን ምንም አላወቅንም።

ለሥጋም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም። የካንሰር ምርምር ዓለም አቀፍ ድርጅት በ1988 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አልኮልን ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ቈጠረው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ለጤና ምንም ጕዳት የሌለው መጠን የለም ብሎ አስታወቀ። የአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሬዲዮና በቴሌቪዥን የመጠጥ ማስታወቂያ እንዳይነገር፥ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከለከለ። ይሁን እንጂ አዋጅ ወደ ሳሎንህ ገብቶ በሞቴ የሚለውን አንደበት አይዘጋም።

«እንግዲህ ወዳጆቼን ልጣ?» ትለኝ ይሆናል። ምናልባት አንዱን ታጣለህ፤ አልሸነግልህም። እኔ መለኪያዬን ባስቀመጥሁ ጊዜ ከአራታችን አንዱ «ጽድቅህን ይዘህ ሂድ» ብሎኝ እስከ ዛሬ አይጠራኝም። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አልነበረም፤ ያን ሰሞን አለመጠጣቴን እንደ ፈሪሳዊው እናገር ነበርና። ሁለቱ ግን ቀሩ። አሁን በዚያው ቤት በቅዳሜ ቡና ይፈላል፥ ብርዝም ይቀርባል። (የቤት እመቤቶች ሆይ፥ ብርዙ የዕለቱ ይሁን፤ ቀናት የሰነበተ ብርዝ ወደ ጠጅነት መንገድ ጀምሮአልና።) የማሩን አገር አሁንም እንከራከርበታለን።

አናጢውም ወደዚያ ይመጣል። ወራት ይጸናል፥ ደግሞ ይወድቃል፥ ደግሞ ይነሣል። ባለፈው ቅዳሜ ሦስተኛው ቡና ተቀድቶ ሳለ አልመጣም። ሲኒዎቹን ትተን ሁለት ሆነን ወጣን፥ በአጠና ተራም በኩል ካሉት ቤቶች በሁለተኛው አገኘነው። ገና አልጠጣም ነበር፤ መለኪያው ሞልቶ በፊቱ ነበረ። ሒሳቡን ከፈልሁና ክንዱን ይዘን ወደ ቤቱ ወሰድነው። ሚስቱ በሩን ከፈተች፤ አየችኝና በዚህ ጊዜ «ግቡ» አለችን።