ንክኪና ፈቃድ
ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም የስሌት ክፍሉ፣ ማኅደረ ትውስታውና የግብዓት መስመሮቹ በአንድ ቺፕ ላይ የተጠቃለሉበት ትንሽ ኮምፒውተር፣ ጣት ስክሪኑን ሲነካ የሚያገኘው ቁጥር ብቻ ነው። በግፊት የሚሠራ ስክሪን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆኑ ሁለት ንጣፎች ሲገናኙ እንደ ንክኪው ቦታ የሚለያይ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ አትሜጋ328 የተባለው ቺፕም ይህን ቮልቴጅ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይለካዋል። ንባቡ ግን ስለሚዋዥቅ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ፕሮግራም ጥቂት ሚሊሰከንዶችን፣ ማለትም የሰከንድ ሺኛ ክፍሎችን፣ ታግሦ ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ነው ንክኪውን የሚያምነው።

የታመነ ንክኪ ሁሉ ግን የታሰበ ነው ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ይኸውም በሐሳብ፣ በንግግርና በድርጊት እንደሚሠራ ታስተምራለች፤ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው ግን ገቢር ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በቮልቴጅ ተመንዝሮ። ስለዚህ አስቦ የነካውን ሳያስብ ከነካው የመለየቱ ኃላፊነት የትዕግሥቱን ልክ አስቀድሞ በወሰነው ፕሮግራም ጸሐፊ ላይ ይወድቃል፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተጠቃሚውን አይቶት አያውቅም። ብዙ ፕሮግራሞች ትእዛዙን ጣት እስኪነሣ ድረስ የሚያዘገዩት ለዚህ ነው፤ በእነዚህ ዘንድ ጣቱን ከአዝራሩ ውጭ አንሸራትቶ ያነሣ ሰው ምንም እንዳላዘዘ ይቆጠራል።