የልጅ እሺታ

ሕግ ለልጆች የዕድሜ ወሰን ሲያደርግ አንዳንዶች፣ «ዕድሜ ቍጥር ነው፤ ብስለት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ልጅቱ ከፈቀደች በደሉ ምን ላይ ነው?» ይላሉ። ጥያቄው በችኰላ የሚታለፍ ስላይደለ በማስተዋል ልንመረምረው ይገባናል።

ፈቃድ ማለት እንቢ ለማለት የሚችል ሰው እሺታ ነው። ሽማግሌ የተላከባት፣ አባቷ ቃል የሰጠባት፣ ጥሎሽ የመጣላት የ13 ዓመት ልጅ አንገቷን ደፍታ ዝም ብትል ዝምታዋ ፍርሃት ነው፤ ወይም አባትን ማክበር ነው። ይህን ፈቃድ ብሎ የሚጠራው ማን ነው? እንደዚሁም አንድ ታላቅ ሰው በስጦታና በማባበል ከልጅ አፍ ያወጣው እሺታ ከስርቆት አይሻልም፤ የሰጠችው ምን እንደ ሆነ ገና አላወቀችምና።

እንግዲህ የዕድሜ ወሰን የታላቁን ሰው እጅ የሚከለክል አጥር ነው። በ18ኛው ዓመት ዋዜማና ማግሥት መካከል ልጅቱ ምንም አትለወጥ ይሆናል። ነገር ግን አጥሩ ቢነሣ «በስላለች» ብሎ የሚፈርደው የሚፈልጋት ሰው ራሱ ይሆናል፤ በገዛ ጕዳዩ ላይ ዳኛ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቅን ፍርድ አይፈርድም።

አጥሩ በአንድ ቀን አልቆመም። በእንግሊዝ አገር ወሰኑ ለብዙ ዘመን 12 ዓመት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1875 ወደ 13፣ በ1885 ወደ 16 ከፍ አለ። በኢትዮጵያ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድ በ18፣ ሴት ግን በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅን የሚደፍረውን ይቀጣል፤ ልጁ 13 ዓመት ያልሞላው ሲሆን ቅጣቱ እጅግ ይከብዳል።

ሆኖም የልደቷ ቀን ያልተጻፈላት ልጅ ዕድሜዋን የሚናገርላት ብዙ ጊዜ ከጋብቻዋ የሚጠቀም ሰው ነው፤ 14 ዓመቷም በአማላጆች አፍ 18 ይሆናል። ስለዚህ የልጆቻችሁን ልደት በጊዜው አስመዝግቡ። የጥምቀት መዝገብ የምትጠብቁም ማንም ቢለምናችሁ ቀኑን አትለውጡ። ሽማግሌ ሁኑ ስትባሉ ከመቀመጣችሁ በፊት ዕድሜዋን ጠይቁ፤ ልጅ ሆና ብትገኝ ተነሥታችሁ ሂዱ። እርሷ እንቢ ለማለት ባትችል እናንተ ትችላላችሁና።