ለኬሞ ቀን ምን ይለበስ?



የዛሬው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፦ የካንሰር ታማሚ ለኬሞቴራፒ ስትሄድ ምን ትልበስ? ዊንጌት የምትኖሩ በጠዋት በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ስታልፉ ቀጠሮ ይዘው የሚፈጥኑ እናቶችን ታያላችሁ። ከነሱ አንዷ ምቾት መፈለግ ሐያእን ወይም ሰብርን የሚቀንስ መስሏት፣ በአንገት የሚጠለቅ እጅጌ ጠባብ አባያ ለብሳ ሊሆን ይችላል። መርፌው ክንዷ ላይ ሲገባ እጅጌው አልሰበሰብ ይላል። መድኃኒቱ በደረት በኩል የሚሰጣት ከሆነ ደግሞ ባሰ። ዐውራዋን ለመጠበቅ የለበሰችው ልብስ ጭራሽ ከሚገባው በላይ ያስገልጣታል።

አስተውሉ፤ ሐር ለወንዶች የተከለከለ ነው። ሆኖም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለዙበይር ኢብኑል ዐዋም እና ለዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ሰውነታቸውን ያሳክካቸው ስለነበር ሐር እንዲለብሱ ፈቅደውላቸዋል። ዘገባው ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ ይገኛል። ሁለቱም በጀነት ከተበሰሩት አስሩ ሶሐቦች ናቸው፤ ሰብር አነሳቸው የሚል የለም። ለማሳከክ ሲባል ክልክሉ ከተፈቀደ፣ ከመጀመሪያውም ሐላል የሆነውን ሰፊና ለስላሳ የጥጥ ልብስ ለካንሰር ታማሚ ማን ይነፍጋታል?

ሰብር አላህ የወሰነውን ሳያማርሩ መቀበል ነው። በእጃችን ልናቀለው የምንችለውን መከራ መደረብ ግን ሰብር አይባልም። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 185 አላህ ለታማሚ ጾሙን ወደ ሌላ ቀን ሲያዘገይለት፣ ማቅለልን እንደሚሻ ነግሮናል።

እንግዲህ መድኃኒቱ በክንድ ይሁን በደረት የሚሰጠው ነርሷን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከፊት በቁልፍ ወይም በዚፕ የሚከፈት፣ እጅጌው ሰፊ ቀሚስ የሚፈለገውን ቦታ ብቻ ለመግለጥ ያመቻል። ሸሪዓም ለሕክምና መገለጥን የሚፈቅደው በሚያስፈልገው ልክ ነው። ሕክምናው ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የጠዋት ብርድም አለ። ስለዚህ ሹራብ፣ ካልሲና ጋቢ ይዞ መሄድ፣ ሲሞቅም መቀነስ ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ፀጉር ያረግፋል፤ የራስ ቆዳም ይቆጣል። ያኔ ስፒል የማይፈልግ ለስላሳ የጥጥ ሻሽ ይሻላል።

ወንድሜ፣ እናትህን የምታደርሳት አንተ ከሆንክ ሽቶህን ለጁሙዓ ሶላት አቆየው፤ ኬሞ የሚወስድን ሰው ጠንካራ ሽታ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። እህቴ፣ ልብሷን ማታውኑ አጣጥፈሽ አዘጋጂላት። ቀለል ያለ ቀሚስ ለብሳ ያያት ጎረቤትም «ዛሬ ምነው እንዲህ ሆንሽ?» አይበላት። ለአፊያዋ ዱዓ ያድርግላት።

አላህ ታማሚዎቻችንን ሁሉ ያሽርልን፤ አስታማሚዎቻቸውንም ያበርታልን። አሚን። ጁሙዓ ሙባረክ!